የመርፌ ተራ

ባቡሩ ውስጥ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ የልጅቷን እናት ይመለከታል። በተመለከተ ቁጥር አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ የታች ከንፈሩን ወደ አፉ ውስጥ ይከታል። ልጅቷ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ዓይኗን ከእሱ ላይ መንቀል አቅቷታል። ምን እያደረገች እንደሆነ የታወቃት እናቷ በክርኗ ጎሸም ስታደርጋት ነው። አንገቷ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፤ የታች ከንፈሯም ጠፍቷል።

ሰውዬው ማኅተሙን መትቶ ወደሚቀጥሉት ተሳፋሪዎች ሲያልፍ እናቷ ጠጋ አለቻት።

«እዚህም?»

«ሳይታወቀኝ ነው እኮ፣ እማ።»

«ሳይታወቅሽ መሆኑ አይደል የሚያስፈራኝ።»

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ድንበር የሚባለው ነገር ምን እንደሚመስል ለማየት ልጅቷ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። አጥር ጠብቃ ነበር፤ ወይም ወንዝ፤ ሌላው ቢቀር የአፈሩ ቀለም ይለወጣል ብላ ነበር። አንድ ቀጭን የብረት ምሰሶ አለፈና ያው ሜዳ፣ ያው ሰማይ ቀጠለ። የተለወጠው የሰው አነጋገር ነው። በሚቀጥለው ጣቢያ የተሳፈሩት ሰዎች ቋንቋቸው የእነሱው ሆኖ ሳለ፣ ቃሉ ከአፋቸው እንዳይወድቅባቸው የፈሩ ይመስል ጫፉን ጎተት ያደርጉታል። ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፍና በለሆሳስ ሞከረችው። ወዲያው ያዘችው።

ትምህርት ቤት «በቀቀን» ይሏታል። አንድ ሰው ሲናገር ለአፍታ ከሰማች፣ ሲራመድ አንዴ ካየች፣ ያ ሰው ውስጧ ይገባል። በእረፍት ሰዓት ክፍሉ ሁሉ ይከባታል። የፊዚክስ መምህሩን «አምጪያቸው» ሲሏት ከነሳላቸው፣ ከነመነጽራቸው ታመጣቸዋለች። «በቀቀን ሙድ ስትይዝ የተያዘበት ሰው ራሱ ይስቃል» ይባልላታል። ባለፈው ወር ግን መምህሩ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩዋት አልሳቁም። እናቷም ተጠርታ መጣች።

እናቷ የሆስፒታል ፋርማሲስት ናት። በትንሿ መስኮት መድኃኒት ስታቀብል ድምፅዋ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ታሽጎ የሚወጣ ይመስላል። ቤትም ያው ናት፤ ስትስቅ እንኳን አፏን ገጥማ ነው። የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ አልተናገረችም። በራቸው ላይ ሲደርሱ ብቻ፣ «የሰው መልክ የሰው ንብረት ነው፤ አይወሰድም» ብላ ቁልፉን አዞረች። ልጅቷ ቁጣ ጠብቃ ነበር። ያየችው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እናቷ የፈራች ትመስል ነበር። ምኑ ነው የሚያስፈራት? ጥያቄው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዷ ውስጥ ተቀምጧል።

አሁን የሚሄዱት ወደ ሠርግ ነው። እናቷ ገና ወጣት ሳለች ድንበሩን ተሻግራ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ኖረዋል። ስለዚያ ዘመን ስትጠየቅ ወሬው የዓይን ጠብታ ነው፤ አንዲት ጠብ ይልና ክዳኑ ይዘጋል። ከሁለቱ ጓደኞቿ አንደኛዋ፣ «እንግዲህ እሷ አታገባም» ብሎ ሰው ሁሉ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ፣ አንድ የሰዓት ጠጋኝ አግኝታ ልታገባ ነው። አባትየው ሥራ አልለቅ ብሎት ቀረ። እናትና ልጅ ሻንጣቸውን ይዘው ባቡር ተሳፈሩ።

ጣቢያው ሲደርሱ የሕዝቡን ጫጫታ ሰንጥቆ አንድ ድምፅ መጣ።

«ሬዲዮ!»

ልጅቷ የጠፋ ሬዲዮ ያለ መስሏት ዞር ዞር አለች። እናቷ ግን ቀጥ ብላ ቆመች፤ እንደዚያ ተብላ የምትጠራው እሷ ነበረች። የአውቶቡስ ሹፌር የደንብ ልብስ የለበሰች ደንዳና ሴት ሕዝቡን በክንዷ እየገፋች መጥታ እናትየውን ከነቦርሳዋ አነሳቻት። ሙሽራዋ ናት። በድሮ ስሟ ጥሩምባ ይሏታል፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገም። ልጅቷ በትሕትና፣ «እንኳን ደስ አለዎት» ስትላት ጥሩምባ ፊቷን አጨማደደች።

«እርስዎ የሚባሉት የእኛ የአውቶቡስ ዲፖ ኃላፊ ናቸው። እኔን አንቺ በይኝ፤ ሙሽራን አሮጊት አታድርጊ።»

ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። በረንዳው ላይ የታጠበ የደንብ ልብስ ተሰጥቷል፤ ምግብ ማብሰያው ክፍል ውስጥ አራት የግድግዳ ሰዓቶች አራት የተለያየ ሰዓት ይቆጥራሉ። «የእሱ ናቸው» አለች ጥሩምባ፤ እጮኛዋን ማለቷ ነው። «የሰው ሰዓት ያስተካክላል፣ እሱ ራሱ ግን አርፍዶ ይመጣል። የመጀመሪያ ቀጠሯችን ላይ ሳረግም ቆይቼ ነው ያገኘሁት።» ሾርባና ዳቦ አቀረበች፤ እሷ ግን አልበላችም። ለማውራት ነበር የተራበችው።

ልጅቷ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሰማችውን ማመን አቃታት። እናቷ፣ ያቺ አፏን ገጥማ የምትስቀው እናቷ፣ ፋብሪካውን ሁሉ በሳቅ የምትጥል ሰው ነበረች። የማታመጣው ሰው አልነበረም፤ ዘበኛው፣ ወጥ ቤቷ፣ የመኪና ነጂው፣ ሁሉም ድምፅ ከእሷ ስለሚወጣ ነው ሬዲዮ የተባለችው። ጥሩምባ በተለይ አንዱን ቀን ስትተርክ እንባዋ ይወርድ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ በአፍንጫው የሚናገር፣ «እንግዲህ ውድ ሠራተኞች» ሳይል አፉን የማይከፍት ፎርማን ነበር። አንድ ሙቀት የበዛበት ከሰዓት በኋላ ሰውዬው ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ሬዲዮ ቢሮው ገብታ የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ ተጫነች። «እንግዲህ ውድ ሠራተኞች፣ ሙቀቱ ስለበዛ ሁላችሁም ወደ ግቢው ወጥታችሁ ነፋስ ውሰዱ።» ማሽኑ ሁሉ ቆመ፤ ሠራተኛው ሁሉ ወጣ።

«ፎርማኑስ?» አለች ልጅቷ።

«ፎርማኑማ እጁን ታጥቦ ሲመለስ ድምፁን ሰማ። የራሱን ትእዛዝ አክብሮ ከእኛ ጋር ወጣ።»

ልጅቷ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ወደ እናቷ ዞር ስትል ግን እናቷ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማጠቢያው ሄዳለች። «የድሮ ነገር ነው» አለች ከዚያው ሆና፤ ውሃውን ከፈተችው።

ልጅቷ የመጠየቂያ ጊዜ ያገኘችው በነጋታው ጠዋት ነው። ጥሩምባ በረንዳው ላይ የደንብ ልብሷን ስትሰበስብ አጠገቧ ቆማ መቆንጠጫውን እየተቀበለች፣ እናቷ ለምን እንደተወችው ጠየቀቻት። ጥሩምባ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እሷም አታውቅም። ሦስተኛዋ ጓደኛቸው መርፌ ትባላለች፤ ቀጭን ስለሆነች፣ ስፌትም ላይ የሚያህላት ስላልነበረ። አንድ ቀን ሬዲዮ ዝም አለች፤ ከጥቂት ቀን በኋላ መርፌ ክፍሉን ለቅቃ ወጣች፤ ከዚያ ሬዲዮ ወደ አገሯ ተመለሰች። ክፉ ቃል አልተለዋወጡም። ለበዓል ይደዋወላሉ፤ ስለ ጤና ይጠያየቃሉ፤ ያበቃል።

«ተጣልተው ቢሆን አስታርቃቸው ነበር» አለች ጥሩምባ፣ የሸሚዙን እጅጌ እያጠፈች። «ያልተጣላ ሰው እንዴት ይታረቃል?»

ያን ቀንና በማግስቱ የድሮ ወዳጆችን ሲጎበኙ ዋሉ። ፋብሪካው ተዘግቶ የዕቃ መጋዘን ሆኗል፤ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ግን ያው የድሮው ነው። እናትየውን ሲያይ ጥርስ የሌለው አፉን ከፍቶ፣ «ሬዲዮ፣ እስቲ እኔን አምጪኝ፤ ወጣት ሳለሁ እንዴት እንደነበርኩ ረስቼዋለሁ» አላት። እናቷ እጁን ይዛ፣ «ረሳሁት እኮ፣ አባባ» አለች። የቀድሞዋ ወጥ ቤትም ያንኑ ጠየቀች። የመኪና ነጂው ሚስትም። እናቷ ሁሉንም አፏን ገጥማ ፈገግ እያለች አለፈቻቸው። ልጅቷ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች የእናቷን ጀርባ ታያለች። እዚህ ከተማ ውስጥ ሌላ እናት አለቻት፤ ሰው ሁሉ ያውቃታል፣ እሷ ብቻ አላየቻትም።

የሠርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ተገኘ። ልጅቷ የምትለብሰው የአክስቷን ልጅ ቀሚስ ነው፤ ወገቡ ላይ ሌላ ሰው ያስገባል። ጥሩምባ፣ «መርፌ በአንድ አፍታ ትሰበስበዋለች፤ ሱቋ ከመንገዱ ማዶ ነው» አለች። እናትየው ራሷን እንደሚያማት፣ ትንሽ ጋደም ብትል እንደሚሻላት ተናገረች። ልጅቷም ቀሚሷን በክንዷ ላይ ጥላ ብቻዋን ተሻገረች። እውነቱን ለመናገር፣ ብቻዋን በመሄዷ ደስ ብሏታል።

ሱቁ ጠባብ ነው። ራስ የሌለው የእንጨት ሴት የሙሽራዋን ልብስ ለብሳ መሐል ላይ ቆማለች፤ ልብሱ ነጭ ነው፣ ደግሞም ኪስ አለው። መርፌ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ጥላ፣ ከንፈሮቿ መሐል እስፒሎች ደርድራ ብቅ አለች። ማን እንደሆነች ለማወቅ ልጅቷን አንዴ ማየት በቃት። ቀሚሱን አልብሳ በሁለት ጣቷ ብቻ ትከሻዋን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት፤ ሜትሩን ወገቧ ላይ ጠመጠመች፤ ከመነጽሩ በላይ አየቻት።

«ተ-ተንፍሺ» አለች በእስፒሎቹ መሐል። «ት-ትንፋሽሽን እንደያዝሽ ከለካሁሽ ነገ ም-ምሳ አትበዪም።»

«እ-እሺ» አለች ልጅቷ።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ፊቷ እሳት ሆነ። እስፒሎቹን በአፍ የያዘ ሰው ሁሉ ቆራርጦ ስለሚናገር ደንበኛ ሁሉ የመርፌን አነጋገር የእስፒሎቹ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ልጅቷ ግን ጆሮዋ አይሸወድም፤ መርፌ ትንተባተባለች። እና እሷ፣ በቀቀን፣ ገና በሩን ከመግባቷ ወሰደችባት። አሁን የእናቷ ፍርሃት ገባት። ለካ ይሄ ነው የሚያስፈራው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሳይታወቀኝ ነው፤ አፌ ነው» አለች።

መርፌ እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ እያወጣች ክንዷ ላይ ባሰረችው ትንሽ ትራስ ላይ ሰካቻቸው። ከዚያ ሳቀች። ሬዲዮም እንደዚሁ ነበረች አለቻት፤ ገና የተዋወቁ ቀን እንዲሁ ከአፏ አምልጧት፣ እንዲሁ ቀልታ፣ እንዲሁ ይቅርታ ጠይቃለች። ልጅቷ ነገሩን ያወቀች መሰላት። እናቷ አንድ ቀን በሰው ፊት በመርፌ ቀልዳባታለች ማለት ነው። አንገቷን ደፍታ ይህንኑ ጠየቀቻት።

መርፌ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ቀሚሱንም ጭኗ ላይ አድርጋ ወገቡን መተርተር ጀመረች። ታሪኩን ቀስ ብላ ነገረቻት፤ ቃሉ ሲያስቸግራት ትተወውና ክሩን ትስባለች፣ ከዚያ ትመለስበታለች። የፋብሪካው ሠራተኛ አንድ ላይ እራት የበላበት ቀን ነበር። ሬዲዮ ተነስታ ከጠረጴዛው ጫፍ ጀመረች። ሁሉንም በተቀመጡበት ተራ አመጣቻቸው፤ ፎርማኑን፣ ዘበኛውን፣ ጥሩምባን። ሰው በሳቅ ሊሞት ነው። መርፌም ስትስቅ ቆየች፤ ደግሞም ልቧ ይመታ ነበር፣ ወንበሯ እየቀረበ ነውና። ከዚያ ሬዲዮ እሷ ጋ ስትደርስ አየቻት፤ የሬዲዮ ፊት ለስለስ አለ፤ መርፌን ትታ አጠገቧ ወደተቀመጠው ሰው ዘለለች።

«ሰው ሁሉ ዝም አለ» አለች መርፌ። «ሰው ሁሉ እኔን አየ። እ-እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ የሚታዘንልኝ መሆኔን አላውቅም ነበር።»

ልጅቷ የጠበቀችው ይህን አልነበረም።

«ብታመጣሽስ ኖሮ? ደስ ይልሽ ነበር?»

መርፌ መርፌዋን ብርሃን ላይ አድርጋ ክር እያስገባች አሰበችበት።

«እንጃ። አ-አለቅስ ይሆናል። ግን ተራዬ ነበር።»

ከሱቁ ፊት አንድ አውቶቡስ አለፈና መስታወቱ ነዘረ። ልጅቷ «አንቺ» ማለት መጀመሯን ያኔ አስተዋለች፤ መርፌ ግን አልተቀየመችም። ለምን እስከ ዛሬ ለእናቷ እንዳልነገረቻት ጠየቀቻት። ሞክራ ነበር አለች መርፌ። በዚያው ሰሞንም፣ በስልክም። ሬዲዮ ግን ቸኩላ ይቅርታ የምትጠይቅ ሰው ናት፤ ገና «እኔ» ስትላት «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ትላታለች። «እኔ ደግሞ ነገር ለመጨረስ ጊዜ እ-እፈልጋለሁ» ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

የሠርጉ ቀን ጠዋት እናቷ በመስኮቱ አጠገብ የልጅቷን ፀጉር ትጎነጉንላት ነበር። ልጅቷ ጀርባዋን እንደሰጠቻት፣ «እማ፣ መርፌን አምጥተሻት ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀች።

ጣቶቹ ቆሙ። «እሷን? አንድ ቀን ነክቻት አላውቅም።» ኩራት ነበረበት፤ በዚያ ሁሉ ዘመን የተጠበቀ ንጹሕ ነገር እንዳላት ሰው።

«ታዲያ ለምን ተውሽው?»

እናቷ ጉንጉኑን ቀጠለች። አንድ ምሽት የመርፌን ፊት እንዳየች ነገረቻት። በሌሎቹ ስትቀልድ ያቺ ልጅ ለካ በፍርሃት ነው የምትቀመጠው፣ «ነገ ደግሞ የእኔ ተራ ነው» እያለች። ሰውን በገዛ ወንበሩ ላይ የሚያስጨንቅ ተሰጥኦ ምን ያደርጋል? ተወችው። «ተውኩት፣ አልቆጨኝም» አለች፤ የፀጉር ማሰሪያውን ጎማ ግን አጥብቃ ሳበችው።

ነገሩ የልጅቷ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «እማ፣ ተሳስተሻል» ማለት፣ ሁሉንም መዘርገፍ፣ መገላገል። በመርፌ ድምፅ ልትነግራት ሁሉ ትችላለች፤ አንድም ቃል አይቀርባትም። ችግሩም ያ ነው። የመርፌን ነገር ሌላ ሰው ይጨርስላታል፤ ደግሞ እንደገና። ልጅቷ ዋጠችው። ዋጥ ማድረግ ከመናገር እንዲህ እንደሚከብድ አታውቅም ነበር።

ማዘጋጃ ቤት ሙሽራው አርፍዶ ደረሰ፤ ሰዓት በሁለቱም እጁ አስሮ። ፈርመው ሲያበቁ ምሳው ዲፖው ግቢ ውስጥ ሆነ። በቆሙት አውቶቡሶች መሐል ሸራ ተወጥሮ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ጥሩምባ ሁለት እጆቿን ኪሶቿ ውስጥ ከታ ከወንበር ወንበር እየዞረች ትቀልዳለች። ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ መካኒኮቹ ጠረጴዛውን መደብደብ ጀመሩ፤ «ሬዲዮ! ሬዲዮ!» ወሬው ደርሷቸዋል። እናቷ ጉሮሮዋን እንዳመማት በእጇ አሳየች። ጥሩምባ ወደ ወንበሯ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ፊቷ ጨለም አለ። በቀኟ ባለቤቷ አለ፤ በግራዋ የዲፖው ኃላፊ፤ ከኃላፊው ቀጥሎ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ቀጥሎ መርፌ። ጎን ለጎን ያስቀመጠቻቸው እሷ ራሷ ናት። ሁለቱ ጨው ሲቀባበሉ «አመሰግናለሁ» ሲባባሉ ነው የዋሉት።

«እኔ ልሞክር?» አለች ልጅቷ።

እናቷ ዓይኗን አፈጠጠችባት፤ ግን ጭብጨባው ቀደማት።

ከሙሽራው ጀመረች። ሁለቱንም እጆቿን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰዓት አዳመጠች፤ በአንደኛው ደነገጠች፣ በሌላኛው ተጽናናች። ሳቁ ፈነዳ። ጥሩምባ ስትነዳም፣ ስትሳደብም፣ ስትሳምም አንድ ዓይነት ድምፅ እንዳላት አሳየች። የዲፖውን ኃላፊም አምጥታ አከበረቻቸው፤ ሰውዬው ሲስቁ ወንበራቸው ተንገጫገጨ። ከዚያ እናቷን አመጣች፤ በማትታይ ትንሽ መስኮት አጎንብሳ ለመካኒኮቹ ኬክ እያቀበለች፣ «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሦስት ጊዜ» ስትል ሰዉ አለቀ። እናቷም ሳቀች፤ አፏን ገጥማ።

ቀጥሎ መርፌ ናት።

ልጅቷ ሳታስበው ቆመች። ጥሩምባ ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተከለች። እናቷ ራሷን በጣም በትንሹ፣ ልጇ ብቻ እንድታየው አድርጋ ነቀነቀች፤ ተይ፣ እለፊያት። ልጅቷ መርፌን አየቻት። መርፌ መነጽሯን አወለቀች፣ በናፕኪን ወለወለችው፣ መልሳ አደረገችው፤ ከዚያ ወንበሯ ላይ ቀና ብላ ጀርባዋን አስተካክላ ተቀመጠች፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው።

ልጅቷ የማይታዩትን እስፒሎች አንድ በአንድ ከንፈሯ መሐል ደረደረች። ከመርፌ ቀጥሎ ወደተቀመጠው ግዙፍ መካኒክ ሄደች፤ በሁለት ጣቷ ብቻ ትከሻውን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ከመነጽሩ በላይ አየችው። መንተባተቡን አላስረዘመችውም፣ አላሳጠረችውም።

«ተ-ተንፍስ» አለችው።

መካኒኩ ለካ የእውነት ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ እንደ አውቶቡስ በር «ፍሽ» ብሎ ለቀቀው። መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ ሰዉ ዞር ብሎ አየ። መርፌ ናት፤ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ። ከዚያ ሁሉም ተከተላት። ልጅቷ እዚያ ላይ አልቆየችም፤ የእሱ ተራ ነውና መካኒኩን አመጣች፣ ቀጥሎም ያሉትን፣ እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ድረስ።

ወደ ቦታዋ ስትመለስ መርፌ እንባዋን እየጠረገች ወንበሯን ወደ ሬዲዮ አዙራለች። እናቷ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ብድግ ብላለች።

«ይቅርታ አድርጊላት፤ ልጅ ናት፣ አታውቅም…»

«እ-እኔ…» አለች መርፌ።

«አውቃለሁ፤ ይቅርታ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያልነገርኳት…»

«እኔ የ-የዚያን ቀን…»

«ይቅርታ፣ መርፍዬ…»

ልጅቷ ወንበር ስባ በእናቷና በኃላፊው መሐል ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት።

«እማ» አለች፤ በማንም ሳይሆን በራሷ ድምፅ ነበር። «አልጨረሰችም።»

እናቷ መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ መርፌን አየች። የሆነ ነገር ለማለት ከንፈሯ ተላቀቀ፤ መልሳ ገጠመችው። ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከሸራው ማዶ አንድ ሰው የአውቶቡስ ሞተር አስነስቶ አጠፋ። መርፌ ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ በሁለተኛው ቃል ላይ ያዛት፤ አልቸኮለችም። ልጅቷ ያ ቃል የትኛው እንደሆነ ታውቃለች። ከእሱ በኋላ ያሉትንም ሁሉ ታውቃለች፤ አፏ ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል። ምላሷን ጥርሷ ሥር አደረገችና ጠበቀች።